በማውንትሌክ ቴራስ በግቢ ውስጥ ሁለተኛ ቤት ከመሥራት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ደንቦች

አንኳሮች

• የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከተሞች ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በተመደበ ይዞታ ላይ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያዎችን እንዲፈቅዱ ያስገድዳል።

• የሕጉ መላላት የግንባታ ፈቃድን አላስቀረም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት በኢንሹራንስ፣ በኪራይና በሽያጭ ጊዜ ባለቤቱን ለችግር ይዳርጋል።

• ፕላን ከማሠራትና ቀብድ ከመክፈል በፊት የይዞታው ሁኔታ መጣራት አለበት።

ማውንትሌክ ቴራስ ከሲያትል በስተሰሜን፣ ከኪንግ ካውንቲ ወሰን ጥቂት አለፍ ብሎ በስኖሆሚሽ ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ21 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመኖሪያ መንደሮቿ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተመለሱ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የተሠሩ አነስተኛ ቤቶች ነበሩ፤ በ1954 ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች። ኦገስት 30 ቀን 2024 ደግሞ ከሲያትል የሚነሳው ሊንክ ቀላል ባቡር ወደ ሰሜን ተዘርግቶ በከተማዋ ጣቢያ ከፈተ። ባቡሩ ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ ያለው መሬት ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ በትንሽ ቤት ጀርባ ያለው ባዶ ጓሮም በሌላ ዓይን መታየት ጀመረ።

በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ከገንዘብ ያለፈ ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባትን ከልጆቻቸው ሳይርቁ በራሳቸው ደጃፍ ማኖር፣ ለሥራ የደረሰ ልጅ የቤት ኪራይ ሳይከብደው ራሱን እንዲችል ማገዝ፣ ወይም በኪራይ ገቢ የቤት ብድርን መደጎም ብዙ ቤተሰብ የሚመኘው ነው። ይሁንና ለዓመታት የተጠራቀመ ቁጠባ ደንቡን ባለማወቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊባክን ይችላል።

ሁለተኛ ቤት ማለት ምን ማለት ነው?

በአዲስ አበባ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራው «ሰርቪስ» ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ግን ተጨማሪ መኖሪያ፣ በተለምዶ አጠራሩ «ኤዲዩ»፣ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። ራሱን የቻለ መኖሪያ ነው፤ ማለትም የመኝታ፣ የማብሰያና የመታጠቢያ ቦታ በውስጡ የተሟላለት መሆን አለበት። ወጥ ቤቱ ለብቻ ተነጥሎ እንደሚሠራበት ሰርቪስ አይደለም።

ተጨማሪ መኖሪያ በሦስት መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው በዋናው ቤት ውስጥ፣ ለምሳሌ ምድር ቤቱን ለይቶ የሚዘጋጅ ነው። ሁለተኛው ከዋናው ቤት ጋር ተያይዞ የሚቀጠል ሲሆን፣ ሦስተኛው በጓሮ ለብቻው የሚቆም ነው። ጋራዥን ወደ መኖሪያ መቀየርም እንደ ጋራዡ አቀማመጥ ከእነዚህ በአንዱ ይመደባል።

ሕጉ ምን ለወጠ?

የጓሮ ቤት ጉዳይ በሲያትል ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2019 የከተማዋ ምክር ቤት በአንድ ይዞታ ላይ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያዎችን ፈቀደ። ባለቤቱ በግቢው መኖር አለበት የሚለውን ግዴታና ለተጨማሪው ቤት የመኪና ማቆሚያ የሚጠይቀውንም ደንብ አነሳ። ይህ ውሳኔ ግን ከሲያትል ወሰን አያልፍም ነበር፤ ሌሎቹ ከተሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ደንብ ቀጠሉ።

የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2023 ያጸደቀውና «ሀውስ ቢል 1337» በመባል የሚታወቀው ሕግ ልዩነቱን አጠበበው። በስኖሆሚሽ ካውንቲ የሚገኙ ከተሞች ደንባቸውን ከዚህ ሕግ ጋር እንዲያጣጥሙ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ጁን 30 ቀን 2025 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ የከተማ ደንብ ተፈጻሚነት የለውም። ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ቁጥር፦ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በተፈቀደ አካባቢ፣ ለዋናው ቤት የሚጠየቀውን ዝቅተኛ የቦታ ስፋት በሚያሟላ ይዞታ ላይ ከተማው ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያዎችን መፍቀድ አለበት።

• የባለቤት መኖር፦ ባለቤቱ በግቢው ካልኖረ ቤቱ አይሠራም ብሎ መከልከል አይቻልም።

• ስፋትና ከፍታ፦ ከተማው የተጨማሪውን ቤት ወለል ከ1,000 ካሬ ጫማ (93 ካሬ ሜትር ገደማ) ባነሰ ስፋት ሊገድበው አይችልም። የጣሪያውንም ከፍታ ከ24 ጫማ (7.3 ሜትር ገደማ) በታች ሊወስን አይችልም፤ ለዋናው ቤት የተፈቀደው ከፍታ ራሱ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ግን ይችላል።

• ከወሰን ያለ ርቀትና መልክ፦ ከአጥር መራቅ ያለበትን ርቀት፣ የዛፍ ጥበቃን ወይም የቤቱን ገጽታ በሚመለከት ለዋናው ቤት ከተደነገገው የጠበቀ ግዴታ በተጨማሪው ቤት ላይ አይጣልም።

• የልማት ተጽዕኖ ክፍያ፦ ለመንገድ፣ ለመናፈሻና ለትምህርት ቤት የሚሰበሰበው ክፍያ ለዋናው ቤት ከሚጠየቀው ግማሽ መብለጥ የለበትም።

• ሽያጭ፦ ተጨማሪው ቤት እንደ ኮንዶሚኒየም ለብቻው ተለይቶ እንዳይሸጥ ከተማው ሊከለክል አይችልም።

የመኪና ማቆሚያን በተመለከተ ማውንትሌክ ቴራስ ልዩ ሁኔታ አላት። ከዋና የሕዝብ ትራንስፖርት ጣቢያ በእግር ግማሽ ማይል (800 ሜትር ገደማ) ርቀት ውስጥ ባለ ይዞታ ላይ፣ ሕጉ በተለየ ሁኔታ ካልፈቀደ በስተቀር ከተማው ለተጨማሪው ቤት በግቢ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ እንዲዘጋጅ ማስገደድ አይችልም። የቀላል ባቡር ጣቢያ በሕጉ እንደ ዋና ጣቢያ ይቆጠራል። ከዚህ ርቀት ውጭ፣ ስፋቱ ከ6,000 ካሬ ጫማ (557 ካሬ ሜትር ገደማ) በማይበልጥ ይዞታ ላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቤት ከአንድ ማቆሚያ በላይ፣ ከዚያ በሚሰፋው ላይ ደግሞ ከሁለት በላይ ሊጠየቅ አይችልም። ርቀቱ የሚለካው በእግረኛ መንገድ እንጂ በካርታ ላይ በተሰመረ ቀጥታ መስመር እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

መሬት የግል ቢሆንም

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በአሜሪካ መሬት የግል ሊሆን ስለሚችል፣ «በገዛ ግቢዬ ማን ይከለክለኛል?» የሚል ግምት ሊኖር ይችላል። በግንባታ ረገድ ግን ሁለቱ አገሮች ይቀራረባሉ። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከግንባታ በፊት ፈቃድ እንደጠየቀ ሁሉ፣ በዋሽንግተንም የባለቤትነት ሰነድ ብቻውን የግንባታ ፈቃድ አይሆንም። የ2023ቱ ሕግ የከተማውን የመከልከል ሥልጣን ቀነሰ እንጂ ባለቤቱን ከፈቃድና ከቁጥጥር ነጻ አላደረገም።

ሕጉ የማይሸፍናቸው ይዞታዎችም አሉ። ረግረጋማ መሬት፣ የጅረት ዳርቻ፣ ሊንሸራተት የሚችል ገደላማ ቦታና የመሳሰሉት «ወሳኝ አካባቢዎች» ተብለው ይመደባሉ፤ በእነዚህና በዙሪያቸው በሚከለለው መሬት ላይ ከላይ የተዘረዘሩት ድንጋጌዎች ላይሠሩ ይችላሉ። ማውንትሌክ ቴራስ የባሊንጀር ሐይቅ ጎረቤት ናት፤ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ሆል ክሪክም በውስጧ ያልፋል። በእነዚህ አቅራቢያ ይዞታ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማጣራት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መጣራት ያለበት ነገር የባለቤትነት ሰነዱ ነው። ለመብራት፣ ለውኃ ወይም ለፍሳሽ መስመር የተጠበቀ የመሬት ክፍል፣ በተለምዶ «ኢዝመንት» የሚባለው፣ በጓሮው በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ በእርሱ ላይ ቤት ማቆም አይቻልም። ይህ መረጃ ቤቱ ሲገዛ ከታይትል ኩባንያው በተሰጠው ሰነድ ውስጥ ይገኛል። የጓሮው አጥርም የግድ ትክክለኛው ወሰን ላይሆን ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ሲኖር ፈቃድ ባለው ቀያሽ ማስለካት ከጎረቤት ጋር ከመካሰስ ያድናል።

ሦስተኛው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለበት ከጁላይ 23 ቀን 2023 በኋላ የተጻፉ የማኅበር ደንቦች ተጨማሪ መኖሪያን ሊከለክሉ አይችሉም። ከዚያ በፊት የተጻፉት ግን ክልከላቸው እንደጸና ሊቆይ ይችላል። የከተማው ፈቃድ የማኅበሩን ክልከላ አይሽርም።

የግንባታ ፈቃድ ምን ይጠይቃል?

ማመልከቻው የሚቀርበው ለከተማው አስተዳደር ነው። በተለምዶ የቦታ ፕላን፣ የወለል ፕላን፣ የመሠረትና የአወቃቀር ንድፍ እንዲሁም የኃይል ቁጠባ ስሌት ይያያዛል። የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የማሞቂያ ሥራዎች የየራሳቸው ፈቃድና ቁጥጥር አላቸው። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያቀርበው የስኖሆሚሽ ካውንቲ ፒዩዲ ስለሆነ፣ አሁን ያለው መስመር ሁለት ቤት ይችል እንደሆነ ከእርሱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የውኃና የፍሳሽ መስመር ማስገቢያ ክፍያም ከልማት ተጽዕኖ ክፍያው የተለየ ነው፤ የግማሹ ቅናሽ ይህን አይመለከትም።

የግንባታ ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚያተኩረው በነዋሪው ሕይወት ላይ ነው። ሰው የሚኖርበት ክፍል ከ70 ካሬ ጫማ (6.5 ካሬ ሜትር) ማነስ የለበትም፤ የኮርኒሱም ከፍታ በመሠረቱ ቢያንስ 7 ጫማ (2.13 ሜትር) መሆን አለበት። እያንዳንዱ መኝታ ክፍል በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም የሚገባበት መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። የመስኮቱ ክፍት ቦታ ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ (0.53 ካሬ ሜትር) ሲሆን፣ ከመሬት እኩል ላለ ክፍል 5 ካሬ ጫማ ይበቃል። የመስኮቱ ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች (112 ሴንቲ ሜትር) በላይ ከፍ ማለት የለበትም። የጢስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያዎችም ግዴታ ናቸው። በምድር ቤት ወይም በጋራዥ ያለ ፈቃድ የሚዘጋጁ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይኸው መውጫ ነው፤ ጉድለቱም የሚታወቀው እሳት በተነሳ ሌሊት ነው።

አንዳንዶች ትንሽ የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ያለ ፈቃድ መሥራት ስለሚቻል፣ በዚያው ጎጆ አልጋና ምድጃ ማስገባት የሚቻል ይመስላቸዋል። ነጻ የተደረገው የዕቃ ቤት ነው፤ ሰው ማደር ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ መጠኑ ምንም ቢያንስ የመኖሪያ ቤት ደንብ ይመለከተዋል። በፋብሪካ ተሠርቶ ተጭኖ የሚመጣ ቤትም ቢሆን የግዛቱ የሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት የማረጋገጫ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ በግቢው ለማቆምም የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀናት አስቀድሞ ወደ 811 ደውሎ ከመሬት በታች ያሉ የጋዝ፣ የመብራትና የውኃ መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው መጠየቅም ሕጋዊ ግዴታ ነው።

አሮጌ ጋራዥን ወደ መኖሪያ መቀየር

አዲሱ ሕግ ነባር ጋራዥን ለሚቀይር ሰው መልካም ዜና አለው። ጋራዡ ለአጥር እጅግ ቀርቦ የተሠራና የዛሬውን የወሰን ርቀት የማያሟላ ቢሆን እንኳ፣ ከተማው በዚህ ምክንያት ወደ መኖሪያነት እንዳይቀየር መከልከል አይችልም። ይህ ማለት ግን የእሳት መከላከያ ግድግዳ፣ የእርጥበትና የቅዝቃዜ መከላከያ እንዲሁም የመሠረት ጥንካሬ አይጠየቅም ማለት አይደለም። መኪና ለማቆም የፈሰሰ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ለመኖሪያ ወለል ሳይሻሻል አይበቃም።

እንደ ማውንትሌክ ቴራስ ባለች፣ ብዙ ቤቶቿ ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት በተሠሩባት ከተማ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ከማፍረስ ወይም ከማደስ በፊት የአስቤስቶስ ምርመራ ማድረግም ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ይህን የሚቆጣጠረው የፒውጀት ሳውንድ የንጹሕ አየር መሥሪያ ቤት ነው።

ከኮንትራክተር ጋር የሚገባ ውል

በመተዋወቅና በመተማመን ሥራ መስጠት በማኅበረሰቡ የተለመደ ነው። መተማመኑ መልካም ቢሆንም ሰነድን አይተካም። በዋሽንግተን ኮንትራክተር በሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ የዋስትና ቦንድና ኢንሹራንስ መያዝ ይጠበቅበታል። ምዝገባው የጸና መሆኑን ማንም ሰው በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማረጋገጥ ይችላል። ከ1,000 ዶላር ጀምሮ ላለ የመኖሪያ ቤት ሥራ ኮንትራክተሩ የደንበኛውን መብት የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታም አለበት።

ብዙዎች የማያውቁት አደጋ ከክፍያ ጋር የተያያዘ ነው። ባለቤቱ ለኮንትራክተሩ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሳለ፣ ኮንትራክተሩ ለእንጨት አቅራቢው ወይም ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይከፍል ቢቀር፣ ያልተከፈላቸው ወገኖች በቤቱ ላይ «ሊን» የሚባል የዕዳ መያዣ ማስመዝገብ ይችላሉ። መያዣው ሥራው ወይም አቅርቦቱ ካበቃበት ጊዜ አንስቶ በ90 ቀናት ውስጥ የሚመዘገብ ሲሆን፣ ባለቤቱ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የክፍያ ምዕራፍ ከኮንትራክተሩም ሆነ ከአቅራቢዎቹ መያዣ የመልቀቂያ ሰነድ መቀበል ይመከራል።

ግብርና ኪራይ

አዲስ ቤት የይዞታውን ግምት ስለሚያሳድግ የንብረት ግብርም ይጨምራል። ይሁን እንጂ የግዛቱ ሕግ ተጨማሪ መኖሪያን ጨምሮ በአንድ ቤተሰብ ቤት ላይ ለሚደረግ ማሻሻያ፣ ከነባሩ ሕንፃ ዋጋ እስከ 30 በመቶ ለሚደርሰው ድርሻ የሦስት ዓመት የግብር ነጻነት ይሰጣል። ጥያቄው ለካውንቲው የንብረት ገማች ቢሮ መቅረብ ያለበት ግንባታው ከመጠናቀቁ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አመልካች ዕድሉ ያልፈዋል።

ቤቱ የሚከራይ ከሆነ ባለቤቱ በሕግ ፊት አከራይ ይሆናል። ተከራዩ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ቢሆንም የቃል ስምምነት ብቻ አይበቃም። ማስያዣ ገንዘብ ለመቀበል የጽሑፍ ውልና የቤቱን ይዞታ የሚዘረዝር፣ በሁለቱም ወገን የተፈረመ ሰነድ ያስፈልጋል። ከ2021 ጀምሮ ተከራይን ለማስወጣት በሕግ የተዘረዘረ ምክንያት ይጠየቃል። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ የኪራይ ጭማሪን በዓመት በ7 በመቶ ላይ የዋጋ ንረት ታክሎ፣ ወይም በ10 በመቶ፣ ከሁለቱ ባነሰው ይገድባል፤ አዲስ የተሠራ ቤት የመጠቀሚያ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ለ12 ዓመት ከዚህ ጣሪያ ነጻ ነው።

ማስታወቂያ ሲወጣም ጥንቃቄ ያሻል። «ለሐበሻ ብቻ» የሚል የኪራይ ማስታወቂያ በቅንነት የተጻፈ ቢሆንም፣ በትውልድ አገር ማበላለጥን የሚከለክለውን የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ይጥሳል። የኪራይ ገቢም ለፌዴራል የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ መገለጽ አለበት።

ያለ ፈቃድ ቢሠራስ?

ከተማው ሥራውን ሊያስቆም፣ የተዘጋ ግድግዳ ለቁጥጥር ተከፍቶ እንዲታይ ሊያዝና ቅጣት ሊጥል ይችላል። እሳት ወይም የውኃ ጉዳት ቢደርስ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ያልተፈቀደ ግንባታን ምክንያት አድርጎ ካሣ ሊነፍግ ይችላል። ቤቱ በሚሸጥበት ጊዜም ጉዳዩ ተደብቆ አይቀርም፤ በዋሽንግተን ሻጭ የሚሞላው «ፎርም 17» የተባለው መግለጫ፣ በቤቱ ላይ የተጨመረ ወይም የተቀየረ ነገር መኖሩን፣ ፈቃድና የመጨረሻ ቁጥጥር ማግኘቱንም በቀጥታ ይጠይቃል።

ቀድሞ በተሠራ ያልተፈቀደ ክፍል ቤት የገዛ ሰውም ቢሆን በር ተዘግቶበት አይቀርም። ከተሞች ነባሩን ሥራ መርምረው የጎደለው ሲስተካከል ፈቃድ የሚሰጡበት አሠራር አለ። ራስን አስቀድሞ ማቅረብ ከጎረቤት አቤቱታ በኋላ ከመጠራት ይሻላል።

ከየት ይጀመር?

የሥራው ቅደም ተከተል ወጪን ይወስናል። በቅድሚያ የይዞታው ምድብ፣ ስፋቱ፣ ወሳኝ አካባቢ መሆን አለመሆኑና የማኅበር ክልከላ መኖሩ ይጣራል። ቀጥሎ የባለቤትነት ሰነዱና የመስመሮቹ አቀማመጥ ይታያሉ። ከዚያም ባለቤቱ የግቢውን ረቂቅ ሥዕል ይዞ ከከተማው የፕላንና የግንባታ ባለሙያዎች ጋር ይነጋገራል፤ ቋንቋ የሚያስቸግር ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ ወይም የሚያስረዳ ሰው ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። የተሰጠውን መልስ በኢሜይል ማስቀረት ኋላ ላይ ከመከራከር ያድናል። ፕላን የሚሠራው፣ ብድር የሚጠየቀውና ከኮንትራክተር ጋር ውል የሚፈረመው ከዚህ በኋላ ነው።

ከማውንትሌክ ቴራስ ውጭ ለሚኖሩ አንባቢያንም ይኸው ቅደም ተከተል ያገለግላል። ሊንዉድ፣ ኤድመንድስና ሾርላይን በዚሁ የግዛት ሕግ ሥር ናቸው። በካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ዓመታት አልፈዋል። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ከ60 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ሁለተኛ ቤት በአብዛኛው የፕላን ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ የግንባታ ፈቃድ ግን እዚያም አልቀረም። የቁጥሮቹ ልክ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ሕግ የሰጠው መብት በአንድ ግቢ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታወቀው ያ ግቢ ራሱ ሲመረመር ነው።